በስንት ተሸጠች

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ለአዲሶቹ ሠራተኞች ስለ ሥራው እንዳወራላቸው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራኝ። ሻይና ብስኩት ቀርቧል፤ ልጆቹ ሁሉ ደብተር ይዘዋል። አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ እጇን አውጥታ፣ «እርስዎ ከሠሯቸው ጉዳዮች የማይረሱት የትኛውን ነው?» አለችኝ። እኔም ለእንግዳ ሁሉ የምናወራውን፣ አባቱ አስሮ ሲገርፈው የኖረውንና ኋላ ሐኪም የሆነውን ልጅ ታሪክ ተረኩላት። አጨበጨቡ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን በራሴ አፈርኩ። የማልረሳው እሱን አይደለም። የማልረሳው ቡታጅራ ላይ ያበላሸሁትን ነው። ለዚያች ልጅ ፊት ለፊት መናገር ያቃተኝን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሥራውን የጀመርኩት በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ የማኅበራዊ ኑሮ ሙያ የሚባለውን ትምህርት በጥሩ ውጤት የጨረስኩ፣ ከከተማ ወጥቼ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። ወልቂጤ ስመደብ ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ ከአውቶቡስ ወረድኩ፤ ጭቃው አንዱን እዚያው አስቀረብኝ። ያዩ ሰዎች አልሳቁብኝም። አንዲት ሴትዮ ጫማዬን ነቅላ አውጥታ በኮባ ቅጠል ጠርጋ ሰጠችኝ።

ሥራችን በአጭሩ ይህ ነበር። እገሌ ልጁን ያስርባል፣ እገሊት የእንጀራ ልጇን በእሳት አቃጠለች የሚል አቤቱታ ይመጣል። እኛ ቤቱ ድረስ ሄደን፣ አይተን፣ ጠይቀን፣ ቃል ተቀብለን፣ ለአውራጃው ዳኛ ጽፈን እናቀርባለን። ዳኛው ካመነበት ልጁ ከቤቱ ወጥቶ ለዘመድ ወይም አዲስ አበባ ላለ ማሳደጊያ ይሰጣል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ነበር፤ በዚያ ጭቃ ደግሞ ጫማው ከኪራዩ ይበልጣል።

አለቃዬ አቶ ዘርጋ ይባላሉ። የጉንችሬ ሰው ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ኮታቸው ረጅም። ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተነሥተው ነው እዚህ ሥራ ላይ የደረሱት። የሰባት ቤቱን ጉራጌኛም፣ የመስቃኑንም፣ አማርኛውንም እኩል ይናገራሉ። ዲፕሎማ የላቸውም። እኔ አለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ናቅኳቸው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ጉብሬ ነበር። አንድ ሰውዬ፣ የሞተው ወንድሙ ሚስት ልጆቿን በረሃብ ልትጨርስ ነው ብሎ ከሷል። እንደ ደረስን እኔ ቅጹን አውጥቼ ቆምኩ። አቶ ዘርጋ ግን በጀፎረው፣ ቤቶቹ ፊት በተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ላይ ቆመው ሰላምታ ሲለዋወጡ ግማሽ ሰዓት ፈጁ። ሴትዮዋ ግቡ ሳትል ደፍ አላለፉም። ከገቡ በኋላም በርጩማውን ትተው መሬት ላይ ከተነጠፈው ምንጣፍ ተቀመጡ፤ ሴትዮዋ ከሳቸው ከፍ ብላ እንድትቀመጥ ነው። ወረቀቱ አሁንም ከኪሳቸው አልወጣም። ከኮታቸው ዳቦ አወጡና ለትልቁ ልጅ ሰጡት። ልጁ ቆረሰ፤ አንዱን ለእህቱ ሰጠ፤ የቀረውን እናቱ ጭን ላይ አኖረ።

ስንመለስ፣ «ምን አየሽ?» አሉኝ።

«ልጁ ጨዋ ነው።»

«ጨዋነት አይደለም። የተራበ ልጅ ዳቦ ሲሰጡት ዳቦውን ነው የሚያየው። የሚገረፍ ልጅ የገራፊውን ፊት ያያል። ይኼ እህቱን ነው ያየ። አጎትየው ልጆቹ አላሳዘኑትም፤ እንሰቱን ፈልጓል።» እንዳሉት ሆነ። ሰውየው ልጆቹ ከወጡ እንሰቱን ሊጠቀልለው ኖሯል።

ከሳቸው የተማርኩት ብዙ ነው፤ ግን አብልጬ የምናፍቀው ቃል አቀባበላቸውን ነው። ከመጻፋቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ንግግር ይናገራሉ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ማን እንደከሰሰሽ አልነግርሽም፤ በምን እንደተከሰስሽ ግን ልነግርሽ ግዴታዬ ነው። በቋንቋሽ ትመልሻለሽ። ሽማግሌ አጠገብሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ። ዳኛው አንቺን ሳይሰማ ልጅሽን ማንም አይወስድም። ሳይነበብልሽ ደግሞ ጣትሽን አታሳርፊ።» ከዚያ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ በሰዎቹ ቋንቋ መልሰው ያነባሉ። አንብበው ወረቀቱን ይገለብጡና፣ «የቀረ አለ?» ይላሉ። ወዲያው ሰዓታቸውን ከእጃቸው አውልቀው ቀስ እያሉ መሙላት ይጀምራሉ። ያ ሰዓት ተሞልቶ አያልቅም። ሰው ደግሞ ዝም ሲባል ይጨንቀዋል፤ ዋናውን ነገር የሚናገረው ያኔ ነው። ከዚያ የተናገረውን እያንዳንዱን ከበድ ያለ ቃል ከሥሩ ይጠይቁታል። መታሁት ካለ በምን፣ አስራብኩት ካለ ከስንት ቀን ጀምሮ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይሉኝ ነበር። እኔ ተረት የሚያበዙ ሽማግሌ አድርጌ ነበር የማያቸው።

በዓመቱ ቡታጅራ ለብቻዬ ተመደብኩ። ቡታጅራን ዛሬም በሕልሜ አያታለሁ። ጠዋት ጠዋት ከዘቢዳር ተራራ ጉም ሲወርድ፣ በየደጁ የተሰጣው የመስቃን በርበሬ ዓይን እያቃጠለ ቀይ ምንጣፍ መስሎ ሲታይ፣ ገበያ ላይ «አሰላሙ አለይኩም» እና «እንዴት አደራችሁ» ሲቀላቀሉ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አንድ ክፍል ቢሮ፣ አንድ መዝገብ ማስቀመጫ፣ የስሜ ማኅተም። ከወልቂጤ በቀጥታ የሚያደርስ መኪና ስላልነበረ አቶ ዘርጋ እኔን ለማየት አዲስ አበባ ደርሰው መዞር ነበረባቸው። ስለዚህ በራሴ ነኝ፤ ደስ ብሎኛል።

አቤቱታው የመጣው ከሰሜን ከመጡ የአንድ መንግሥት ሠራተኛ ባለቤት ነው። ክፉ ሴት አልነበሩም። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ቅቤ ሲገዙ ያዩትን ነው የተናገሩት፤ አስካለ የምትባል ሴት የአራት ዓመት ሴት ልጇን ከዲጃ ለምትባል ጎረቤቷ ሸጣለች፤ ልጅቷ ቆሽሻ፣ ተጎሳቁላ አለች።

ክረምቱ እየገባ ስለነበር ወንዙ ሳይሞላ ልድረስ ብዬ በማግሥቱ ሄድኩ። መስቃንኛ የሚያውቅ የፍርድ ቤት ዘበኛ አስተርጓሚ አድርጌ ይዣለሁ። አስካለ ቤቷ ጽድት ያለ፣ እሷም ጽድት ያለች፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ቀጭን ሴት ናት። ባሏ አዲስ አበባ ይነግዳል፤ ለመስቀል ነው የሚመጣው። ልጅቷን ከዲጃ ደጅ አገኘኋት። ቀሚሷ ተቀዳዷል፤ ግንባሯ ላይ ጥላሸት አለ፤ ፀጉሯ ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ቀርቷል። ለከዲጃ «እማ» ትላለች። አስካለን በስሟ፣ «አስካለ፣ ውሃ ስጪኝ» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

ሁሉንም ጻፍኩ። ከዚያ አስካለን ጠየቅኳት። አማርኛዋ እርስዎ የሚለውን ባያውቅም ያግባባል፤ ብዙውን ራሷ መለሰች።

«ስንት ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ይቺ ልጅ ያንቺ አይደለችም?»

«አይደለችም። የከዲጃ ናት።»

«ከዲጃ ከየት አመጣቻት?»

መሬት መሬቱን እያየች፣ «ሸጥኩላት» አለች።

ብዕሬ ወረቀቱን ሊቀድደው ምንም አልቀረውም። ከዲጃን ጠየቅኩ፤ ወፈር ያለች፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት፤ በርበሬ ነጋዴ። «ወላሂ አልክድም፣ ገዝቻታለሁ። የኔ ናት» አለች። ሁለት ሰው አምኗል፤ ከዚህ ወዲያ ምን እጠይቃለሁ? ዘበኛው ዳመናውን እያየ «ወይዘሪት፣ ወንዙ» ይለኛል። ያንን የአቶ ዘርጋን ንግግር አልተናገርኩም። መልሼ አላነበብኩም። ሽማግሌ አልጠራሁም። አስካለ አውራ ጣቷን ስታሳርፍ ምን ላይ እንደምታሳርፍ አታውቅም ነበር።

ሕጉ ወላጅ ሳይሰማ ልጅ አይወሰድም ይላል፤ ግን «አስቸኳይ» የምትባል ቃል አለች። እሷ ከተጻፈች ዳኛው ልጁን አስቀድሞ ያስወጣና ወላጁን በኋላ ይሰማል። በማመልከቻዬ ራስ ላይ በትልቁ አስቸኳይ ብዬ ጻፍኩ። ኩራት ተሰምቶኝ እንደነበር ባልናገር ውሸት ይሆናል።

ከሁለት ፖሊሶች ጋር ጠዋት ሄደን ልጅቷን አወጣናት። ከዲጃ ደረቷን እየመታች ጮኸች፤ መንደሩ ሁሉ ወጣ። አስካለ ከቤቷ ደጅ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ታያለች። አልጮኸችም፣ እንባም አልወጣት። እኔም በዚያው ቀን መዝገቡ ላይ፣ «ወላጅ እናት ልጅቷ ስትወሰድ ምንም የሐዘን ስሜት አላሳየችም» ብዬ ጨመርኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። ልጅቷ አዲስ አበባ ማሳደጊያ ገባች።

የመዝገቡ ግልባጭ ወልቂጤ ይላካል። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አቶ ዘርጋ ሳይጽፉ ሳይነግሩኝ በጭነት መኪና ቡታጅራ ደረሱ። ረጅሙ ኮታቸው ጭቃ ለብሷል። ሻይ ላምጣ ብላቸው አልፈለጉም። መዝገቡን ከፊቴ አስቀመጡ።

«በስንት ተሸጠች?»

«እ?»

«ልጅቷ። በስንት ተሸጠች?»

«አልጠየቅኩም።»

«አንቺ ገበያ ወጥተሽ ዶሮ ስትገዢ በስንት ነው ብለሽ አትጠይቂም? ልጅ ተሸጠች ብለሽ ስትጽፊ ዋጋዋን የማትጠይቂው ምን ነክቶሽ ነው?»

«ተነሺ፣ እንሂድ» አሉኝ። መንገዱን ሙሉ ቀድመውኝ ሄዱ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዲጃ ደጇ ላይ በርበሬ ትለቅማለች። እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች። አቶ ዘርጋ ሰላምታ ሰጡ፤ ከአጠገቧ ተቀምጠው እሳቸውም በርበሬ ይለቅሙ ጀመር። ብዙ ከለቀሙ በኋላ ያችኑ ጥያቄ በመስቃንኛ ጠየቋት። እኔ እንድሰማ በአማርኛ መለሰች።

«በእፍኝ በርበሬ ነዋ። እሱንም ወጥ ሠራንበትና አብረን በላነው።»

አቶ ዘርጋ ዞረው ሳያዩኝ፣ ለትንሽ ልጅ እንደሚነገር ቀስ አድርገው አስረዱኝ። ልጅ የማይበረክትላት እናት፣ ሞት ልጆቿን እየቆጠረ ቤቷን ለምዶታልና፣ የወለደችውን ለሌላ ሰው ትሸጣለች። ልጅ የለኝም ትላለች። ሞት ቢመጣ የሷን ልጅ አያገኝም። ልጁ እናቱን በስሟ ይጠራል። እንዳያምር ጥላሸት ይቀባል፤ የተቀደደ ይለብሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ልጄ ነው» የሚለው በእናቲቱ አፍ አይነገርም፤ ከተነገረ ሽያጩ ይፈርሳል። አስካለ ክርስቲያን፣ ከዲጃ ሙስሊም መሆናቸውም ታስቦበት ነው። ሞት በአንዱ ሃይማኖት ቤት የለመደውን ልጅ በሌላው ቤት አይፈልግም ብለው ነው።

ለካ በእኛም አገር አለ። ሰፈራችን ሽጤ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር፤ ስሙን ከየት ያመጣው መስሎኝ እንደነበር እንጃ።

አስካለ ቤት ገባን። አቶ ዘርጋ ቅጹ ላይ የሌለውን ጠየቋት፤ «ስንት ወለድሽ?» እኔ የጠየቅኳት ስንት እንዳላት ነው። የሞተ የሚቆጠርበት መስመር ቅጻችን ላይ አልነበረም።

«አምስት» አለች።

«ስንቱ አሉ?»

አቶ ዘርጋ ሰዓታቸውን አወለቁና መሙላት ጀመሩ። አስካለ ሰዓቱን ስታይ ቆይታ፣ ወደ አዲስ አበባ መንገድ በአገጯ አመለከተች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ይበርዳታል ወይ እዚያ?» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። አልሰደበችኝም። እኔ ግን ከዚያ ቤት ወጥቼ እንሰቱ መሐል ገብቼ አለቀስኩ።

ለዳኛው በእጄ ጽሑፍ፣ ተሳስቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። አቶ ዘርጋ ረቂቁን አይተው «በአስተርጓሚው ምክንያት» የሚለውን ሰረዙብኝ። ዳኛው ቁጡ፣ ግን ሐቀኛ ሰው ነበር። የመንደሩን ሽማግሌዎች ሰማ። ከዲጃን ሰማ። ከዚያ አስካለን አስቆመ።

«ልጅቷን ለወላጇ ለመመለስ ፈቃደኛ ነኝ። ወላጇ አንቺ ነሽ?»

አስካለ ከዲጃን አየች።

«መዝገቡ ላይ ልጅ የለኝም ብለሻል። የለኝም ካልሽ ለማን ነው የምመልሰው? ልጅሽ ናት ወይስ አይደለችም?»

አቶ ዘርጋ ተነሥተው፣ ልማዱን አስረድተው፣ ሽማግሌዎቹ ስለ እሷ ይመስክሩ ብለው ለመኑ። ዳኛው፣ «ሽማግሌ ወለዳት? የምጽፈው የሷን ቃል ነው» አለ። አልፈርድበትም፤ አንድ ጊዜ ባልተጣራ ጽሑፍ ተታሏል፤ ያታለልኩትም እኔ ነኝ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ በተዘጋጀበት፣ ያንን ቃል ማለት ለአስካለ ልጇን በስም ጠርቶ ለሞት እንደ ማሳየት ነበር። ካላለችው ልጅቷ አትመለስም። ካለችው ደግሞ ትመለሳለች፣ ግን ለምን ያህል ቀን?

«እኔ ነኝ የወለድኳት» አለች በስተመጨረሻ።

«ልጅሽ ናት?»

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። «ልጄ ናት» አለች። ጸሐፊው ጻፈ። የብዕሩ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ልጅቷን ከአዲስ አበባ ያመጣኋት ራሴ ነኝ። ማሳደጊያው ጥሩ አድርጎ ይዟታል፤ ታጥባለች፣ ፀጉሯ ተጎንጉኖ ሪባን ታስሮበታል፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ከአቶ ዘርጋ ጋር ጀፎረው ላይ ስንደርስ አስካለ እየሮጠች መጣች። ከማቀፏ በፊት እጇ ላይ ያለውን ጥላሸት ግንባሯ ላይ ለቀለቀችባት። ከዚያ ሪባኑን ፈታችው። አቅፋት አልለቅ ስትል እኔ የት እንደማይ ጠፋኝ። ደህና ዋሉ ብዬ ልመለስ ስል፣ «ቁሚ» አለችኝ።

ቆምኩ።

«ዳኛ ፊት አስባልሽኝ። ወረቀት ላይ ገባ። አሁን ሞት ሰምቷል። የከዲጃንም ቤት አውቆታል።» ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ሥራ እንደሚያካፍል ሰው ነው የምትናገረው። «አንቺን ግን እዚህ አገር ማን ያውቅሻል? ዘመድ የለሽ፣ ቤት የለሽ። አንቺ ግዢያት።»

አቶ ዘርጋን አየኋቸው። ከእኔ ጋር እስከዚያ ድረስ ቁም ነገር ብቻ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ግን ፂማቸው ሥር ፈገግታ አየሁ። «በልጅ ሽያጭ ከሰሽ መጥተሽ ገዢ ሆንሽ። ሪፖርቱን እኔ ልጻፈው ወይስ አንቺ?» አሉኝ።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። አስካለ እጄን ያዘችኝ። «ብር አይሆንም። በብር ከሆነ የእውነት ይሆናል።»

ከከዲጃ ጆንያ እፍኝ በርበሬ ዘገንኩ፤ አስካለ መዳፍ ላይ አፈሰስኩት። ከዲጃ፣ «አላህ ምስክር ነው» አለች። አስካለ ልጅቷን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ ሰደደቻት። «ያቺውልሽ። የኔ አይደለችም» አለች። ልጅቷ ሁለታችንንም አየች፤ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ የምትለው እኔን ሆነ።

በየገበያው ቀን አስካለ ይዛት ቢሮዬ ትመጣለች። ሰው ካለ፣ «ልጅሽን አምጥቼልሻለሁ» ትለኛለች። እኔ የሕፃናትን ደኅንነት እንድጠብቅ የተመደብኩት ሴትዮ፣ ልጄ ፊቷን እንዳትታጠብ እጠነቀቃለሁ። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ተቆጣጣሪ አይቷት «ይቺ ቆሻሻ የማን ናት?» ሲል፣ «የኔ ናት» ብዬው አፉን አስያዝኩት። በዓመቱ ኩፍኝ መንደሩን ሲመታ ልጅቷንም ያዛት፤ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እዚያ ነበርኩ። አስካለ ከአልጋው ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ልትነካት አትደፍርም፤ የኔ አይደለችም ብላለችና። «ልጅሽ ትኩሳቱ በረደላት ወይ?» እያለች እየደጋገመች ትጠይቀኛለች። በአራተኛው ቀን በረደላት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አቶ ዘርጋ ጡረታ ሲወጡ በሳቸው ቦታ ወልቂጤ ተዛወርኩ። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ወንድሞቿና እህቶቿ አንዳቸውም ወደዚያ ዕድሜ አልደረሱም። በልማዱ፣ ልጁ ሲጠና እናቱ መልሳ ትገዛዋለች። ልሰናበታት ሄጄ፣ «አስካለ፣ ልመልስልሽ?» አልኳት።

ያን ጊዜም ያቺን ልጅ ሰፍ ብላ ታያታለች፤ እጇ ወደ ልጅቷ ራስ ደርሶ ይመለሳል። «ገና ነው። ትንሽ ትቆይ፤ አንቺ ጋ ደህና ናት» አለች።

ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ተለወጠ። እኔም ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ስንከራተት ኖርኩ። አንድ ጊዜ በሹፌር እጅ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የልጅ ጽሑፍ ነው፣ አራተኛ ክፍል ገብታለች። እማዬ ብሎ ይጀምራል። መልስ ጻፍኩ፤ ይድረስ አይድረስ አላወቅኩም። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋብኝ። አቶ ዘርጋ ጉንችሬ ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። እሳቸውን፣ ዘቢዳርን፣ የዚያን በርበሬ ሽታ፣ ያቺን ፊቷ የማይታጠብ ልጅ እናፍቃለሁ። ከዚያ በኋላ ባል አላገባሁም፤ ልጅም አልወለድኩም። ሰው ለምን ሲለኝ መልሱ ይቸግረኛል።

አሁን ያቺ ልጅ ራሷ የልጆች እናት ሆና ይሆናል። አስካለ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ በርበሬውን አልመለሰችልኝም፤ ልጅቷን መልሳ አልገዛችም። ስለዚህ ሞት ዛሬ ልጅቷን ፈልጎ ቢመጣ የሚጠይቀው እኔን ነው። አርጅቻለሁ፤ ቤቴም ለመንገድ ቅርብ ነው። በሩን እከፍትለትና፣ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ እለዋለሁ።